የጋሼ ዲባ እግር

ነገሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ ዲባ፣

ናጋ ቡልተን? ባለቤትዎ እትዬ ወለላስ? ያቺ «ሰው ካልዘፈነልኝ አልታለብም» የምትለዋ ላምዎስ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላሳፈረንም፤ ሜዳውን ግን ጭቃ አድርጎታል። ጠዋት የምናሰምረውን የአመድ መስመር ከሰዓት በኋላ ይልሰዋል።

«ሞትክ ወይስ ተሾምክ?» ብለው የጻፉልኝን ለአስቻለች አነበብኩላትና ሳቀች። ሚስቴ ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር፣ ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ። ለሰባት ወር ዝምታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልሞትኩም። አልተሾምኩም ለማለት ግን ይቸግረኛል፤ በሐምሌው ስብሰባ «የመምህራን ማሠልጠኛው ስፖርት አስተባባሪ» የሚል ስም ሰጥተውኛል። ስሙ ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራስ ሞልቶታል።

የወንዶቹን እግር ኳስና የሴቶቹን መረብ ኳስ እርስዎ ነዎት ያስረከቡኝ። ሯጮቹ አምና ተጨመሩ። ዘንድሮ የእጅ ኳሱ አሠልጣኝ ተዛወረና «እስኪተካ ድረስ ጉዮ ይያዘው» ተባለ። የመስከረም ሁለት የሰልፍ ትርዒት፣ የጠዋቱ የጋራ ጅምናስቲክ፣ የቀበሌው ወጣቶች ቡድን፣ በሳምንት ሃያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማስተማር፣ ሁሉም «እስኪተካ ድረስ» ነው። እምቢ አትልም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ኳስ አስተምረውኛል፣ ፊሽካ መንፋት አስተምረውኛል፣ የተቀደደ መረብ መጠገን አስተምረውኛል። እምቢ ማለትን ግን ከእርስዎ አልተማርኩም። ቢሆንም እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ረጅሙ ሯጭ ስለ ጣዲቻ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነው። ፀሐይ መታውና ሁለት ቀን ክሊኒክ ተኛ፤ አሁን ተነሥቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ላብቃ። ያኔ በስድሳ ዘጠኝ መጨረሻ፣ ቁርጭምጭሚትዎ በተጎዳ ዕለት፣ ከሜዳ ያወጣሁዎት እኔ ነበርኩ። ሰሞኑን ያ ቀን ይመላለስብኛል። እግርዎ ባይጎዳ ኖሮ ጋሼ፣ እስከ መቼ ይቆዩ ነበር? እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ደህና ነኝ።

ልጅዎ ጉዮ


ወደራ፣ ኅዳር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጉዮ ልጄ፣

ደብዳቤህን ሹፌሩ ዓብዱሰላም ከጨው ጆንያ ሥር ስቦ አወጣልኝ። ጣፍጦ ነው የደረሰኝ ማለት ነው። ወለላ ሰላም ብላሃለች፤ ላሚቱ ግን አሁንም ዘፈን ትሻለች፣ የእኔን ድምፅ ደግሞ አትወድም። እኔም እንደምታውቀው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ጠመኔና ደብተር መሐል፣ ከዘራዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እኖራለሁ።

ተማሪ ሳለህ ስትዋሽ ግራ ጆሮህን ትነካ ነበር። በደብዳቤ ጆሮህ አይታየኝም። ነገር ግን «ደህና» የምትለዋን ቃል አራት ጊዜ ጽፈሃታል፣ ቆጥሬያታለሁ። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል።

የጣዲቻንም ነገር ዓብዱሰላም በሌላ መንገድ ነው ያወራልኝ። ሹፌር አይዋሽም አልልህም፤ ያወራው ግን የገዛ እህቱን ልጅ የበድሪያን ቃል ነው፣ ልጅቱም የአንተ የመረብ ኳስ አምበል ናት። እስቲ አንተው ንገረኝ። አልቆጣም። ብቆጣስ ከዚህ ሆኜ ምን ላደርግህ!

ስለ እግሬ ጠይቀኸኛል። ባይጎዳ ኖሮ የሚባል ነገር የለም፣ ተጎድቷል፣ አለቀ። ወጌሻዋ መሱዳ በየወሩ መጀመሪያ በቅቤ ታሸዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ የእኔም ተራ ይደርስ ይሆናል።

ይልቅ ስለ አባቴ ላጫውትህ። አባቴ በቆላ የጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ተራ አስከባሪ ነበር። ውሃው ከሥር እስከ አፍ ሰው በሰው ላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ፣ በቆዳ ባልዲ እየተቀባበለ ነው የሚወጣው። ከመሐል አንዱ ሲዝል «ተካኝ!» ብሎ ይጮኻል፣ ከላይ አንዱ ይወርዳል፣ ዘፈኑ አይቋረጥም። አባቴ የሚቆጣው ተካኝ ያለውን አልነበረም። ደክሞት ዝም ያለውን ነበር፤ ባልዲው የሚወድቀው ከእሱ እጅ ነዋ፣ የሚወድቀውም ከታች ባሉት ራስ ላይ ነው።

መልስህን እጠብቃለሁ። አስቻለችን አስቃት።

ዲባ


ነገሌ፣ ኅዳር 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ብገባ ይቅር ይበሉኝ። ካሳመርኩት አልጽፈውም።

ጣዲቻን ፀሐይ አልመታውም። የመታሁት እኔ ነኝ፤ በእጄ ግን አይደለም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ «ፊሽካ እስክነፋ ሜዳውን ዙር» አልኩት። ወዲያው ከቢሮ ስለ ሰልፍ ጨርቅ ጠሩኝ። ከዚያ ወደ ቀበሌ ላኩኝ። ከቀበሌ ስወጣ ቤቴ ሄድኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። ረሳሁት ጋሼ። ልጁን እንደ ጃንጥላ ረሳሁት። ሰባት ሰዓት ላይ በድሪያ ሮጣ መጣች፤ እሷ ሜዳው ላይ ስትደርስ ወድቆ ነበር። «ለምን አላቆምክም?» ሲሉት ክሊኒክ አልጋው ላይ ሆኖ «ፊሽካ አልሰማሁም» አለ አሉኝ። እኔ አልጠየቅኩትም። እስካሁንም ሄጄ ፊቱን አላየሁም።

በማግሥቱ ሜዳ ገብቼ እርስዎ የሰጡኝን ፊሽካ አፌ ውስጥ አደረግኩ። ትንፋሽ አልወጣ አለኝ። ሰው እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደረቴ ውስጥ አየር አለ፣ ግን አልወጣም። በስተመጨረሻ ኳስ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፣ ኳስ ቤት እገባለሁ፣ ተንፍሰው በተቆለሉ ኳሶች መሐል እቀመጣለሁ። አስቻለች ሜዳ ላይ ያለሁ ይመስላታል። እኔ እኮ ኳስ የምወድ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ሲነጥር ስሰማው ጥርሴን ያመኛል።

በሦስተኛው ቀን በድሪያ በሩን አንኳኳች። ምን ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «ቲቸር፣ ፊሽካውን ይስጡኝ» ብቻ አለች። ሰጠኋት። ለማንም አልተናገረችም። ለአጎቷ ከነገረችው በቀር ማለቴ ነው፣ ያንንም አልቀየምኳትም። አሁን ፊሽካውን በየቀኑ አንድ ተማሪ ይይዘዋል። ሰኞ በድሪያ፣ ማክሰኞ ሌላዋ፣ እንዲህ እያሉ ይቀባበሉታል። እኔ በመስኮቱ ስንጥቅ አያቸዋለሁ።

ይኸው ነው። የጻፍኩትን አያንብቡት እንዳልል መጻፌ ራሱ ቀለል አድርጎልኛል። ለአስቻለች ግን እባክዎን አይጻፉላት።

ጉዮ


ወደራ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጉዮ ልጄ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ አቃጠልኩት። አትፈር። መልሴ የዘገየው ስለተቆጣሁ አይደለም፤ ብዕሩን ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈው ሌላ፣ የማስበው ሌላ እየሆነብኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድመህ ጣዲቻ ዘንድ ሂድ። ይህን እንደ አሠልጣኝህ አዝሃለሁ።

አስተባባሪነቱን ልተወው ብትል፣ ፊት ለፊት ሄደህ ደክሞኛል በል ብዬ አልመክርህም። ዘመኑን ታውቀዋለህ። ደክሞኛል ያለን ሰው ሰነፍ ይሉታል፣ ሲብስም አድኃሪ ይሉታል። ያነከሰን ሰው ግን ወንበር ስጡት ይላሉ። ያን ጊዜ የነበረው የኳስ ቤቱ ደጃፍ ደረጃ፣ ያ የተሰነጠቀው፣ አሁንም እንዳለ ነው? ስንት ሰው ሊጥል ይችላል ብዬ አስብ ነበር።

እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። ወለላ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቤቱ ጭር ብሏል። የምንጩ መንገድ በዝናቡ ተሸርሽሮ አስቸጋሪ ሆኗል ትላለች። አንተን በጸሎቷ አትረሳህም። እሑድ እሑድ ለጸሎት ጎረቤታችን አፀደ ቤት ስንሰበሰብም፣ ከእኔ እግር ቀጥሎ የሚጠራው የአንተ ስም ነው።

ዲባ


ነገሌ፣ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደስታና መርዶ በአንድ ፖስታ ልኬልዎታለሁ።

ሴቶቹ በጥር ክብረ መንግሥት ላይ በተደረገው ማጣሪያ አንድም ዙር ሳይሸነፉ አለፉ። እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ውሃ ከማቀበል በቀር ምንም አላደረግኩም። በየጨዋታው ፊሽካ ያዡ እየተለወጠ፣ እርስ በርስ እየተራረሙ አሸነፉ። ሲያሸንፉ ሁሉም ወደ እኔ ሮጡ፣ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን መርዶው። ጓድ ዳይሬክተራችን አንድ ጠዋት ከእንግዶች ጋር ሳይናገሩ ወደ ሜዳ መጡ። ኳስ ቤት ውስጥ ሆኜ በስንጥቁ አየኋቸው፣ ዛሬ አለቀልኝ አልኩ። ልጆቹ ፊሽካ እየተቀባበሉ ሲሠለጥኑ ቆመው ተመለከቱ፤ «አሠልጣኙ የት ነው?» ሲሉ በድሪያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አሠልጣኛችን እኛ ራሳችን እንድንመራ ነው የሚያደርገን፣ ጓድ።» እኔን ለማዳን ብላ ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። «የጋራ አመራር በስፖርት» የሚል ስም ወጣለት። መሰበሬን ተሞክሮ አሉት ጋሼ!

ተሞክሮ ደግሞ መስፋፋት አለበት። የካቲት 28 ቅዳሜ ጀምሬ ወደራን፣ ሻኪሶን፣ ክብረ መንግሥትንና ከዚያም ወዲያ ያሉትን ወረዳዎች እየዞርኩ ሌሎች አሠልጣኞችን እንዳስተምር ታዝዣለሁ፤ በሚያዝያ አዋሳ ላይ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ያሉኝ ቡድኖች እንዳሉ ናቸው። ሁሉ ካማረ አዲስ አበባ የዲግሪ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጠኝ ጓድ ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ቃል ገብተውልኛል። አስቻለች ሰምታ ዕልል አለች። ስድስት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው። እኔ ግን የተሞክሮውን ጽሑፍ ልጀምር ወረቀት ፊት ስቀመጥ አንድ መስመር እጽፍና እሰርዘዋለሁ። አንድ ቡድን ከጨመሩብኝ ቀጥሎ የምረሳው ልጅ ከክሊኒክ አይመለስም ብዬ እፈራለሁ። ሌላ ምንም አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ይኸው ነው።

ስለዚህ የደረጃውን ነገር ለምን እንደጻፉልኝ ገብቶኛል። አሁንም እንደተሰነጠቀ ነው። ሐሙስ፣ የካቲት 26፣ ከግምገማው ስብሰባ በፊት ለመውደቅ አስቤያለሁ። ቀን ቆርጦ የሚወድቅ ሰው አይተው ያውቃሉ? እርስዎ የእግር ጉዳትን ያውቁታልና ይምከሩኝ፤ ቀኙ ይሻላል ግራው? ጨርቁስ ስንት ሳምንት ቢታሰር ሰው ያምናል?

ጉዮ


ወደራ፣ የካቲት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጉዮ!

ቀኙንም ግራውንም አትንካ። ይህን ደብዳቤ በእጅህ እስኪሰጥህ ድረስ ዓብዱሰላም ጭነቱን እንዳያራግፍ አስምዬዋለሁ።

በታኅሣሥ የጻፍኩልህን ምክር ዲያብሎስ ነው ያጻፈኝ ብል እሱንም መበደል ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠይቀኸኝ ነበር፤ እግርዎ ባይጎዳ እስከ መቼ ይቆዩ ነበር ብለህ። ይኸው መልሱ፤ እግሬ አልተጎዳም።

በዚያ ዓመት ሰባት ቡድን ነበረኝ። ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ፣ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ግማሹ ዘምተው፣ የቀሩትን «ሞራል ለመገንባት» ከጦር ሰፈሩ ቡድን ጋር በየሳምንቱ እንድናጋጥም ታዘን ነበር። ያን ዕለት ከልጆቹ ጋር እየሮጥኩ የአመዱ ባልዲ አደናቀፈኝና ወደቅኩ። ያመመኝ ነገር አልነበረም። መሬቱ ላይ ተጋድሜ ሰማይ ሳይ፣ ጉዮ፣ መነሣት አስጠላኝ። ዓለም ሁሉ ቢጠራኝ የማልነሣ መሰለኝ። አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ላዬ ላይ ጎንበስ አለና «እግርዎን ነው ጋሼ?» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ጠያቂው አንተ ነበርክ። በጫንቃህ ተሸክመህ አወጣኸኝ፤ ላብህ ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ቃል ነው የዋሸሁት። አንዷን ቃል ለመጠበቅ ዘጠኝ ዓመት አነከስኩ።

ጨርቅ ስንት ሳምንት ይታሰራል ብለሃል። ጨርቁ በሁለት ወር ይፈታል፤ ማንከሱ ነው የማይፈታው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በእግሬ ምክንያት ቁጭ ብዬ የምሠራበት ቦታ ሰጠኝ። ሰዉ ከዘራ አምጥቶ ሰጠኝ። በለቅሶ ቤት ወንበር ይለቀቅልኛል። ነገሌ ስድሳ ኪሎ ሜትር ናት፣ ዘጠኝ ዓመት አልመጣሁም፤ የሚያውቁኝ ልጆች መሐል ኳስ ብትንከባለል እግሬ ሳያስበው ይመታታል ብዬ ፈራሁ። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን እንኳ አነክሳለሁ፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የሰው ዕቃ እንደመስረቅ ሆነብኝ።

ወጌሻ መሱዳ በመጀመሪያው ወር እግሬን ዳሰሰች። ከዚያም «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተን ያመመህ እኔ የማሸው ቦታ አይደለም» አለችኝ። አላጋለጠችኝም። በየወሩ እየመጣች ደህና እግር በቅቤ ታሻለች። እሷ ጋ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው የማልዋሽበት ሰዓቴ።

የከፋውን አልነገርኩህም። ወለላ አታውቅም። የእኛ ምንጭ ከቤት ቁልቁል ነው፣ መመለሻው ዳገት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ በር ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። «ምነው አንተ ደህና በሆንክና በረዳኸኝ» ብላ አታውቅም፤ «ያንተ እግር ይዳን እንጂ ውሃውስ ይቀዳል» ነው የምትለው። በየሳምንቱ ዓርብ ስለ እግሬ ትጾማለች። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ! በመጀመሪያው ወር ቢሆን ስቃ ትተወው ነበር። በዓመቱ ቢሆን ታኮርፍ ነበር። አሁን ምን እንደምትል አላውቅም፣ ባላወቅኩ ቁጥር ደግሞ አንድ ቀን እጨምራለሁ።

ለአስቻለች ውሃ ማን ይቀዳላታል? እሱን አስብ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ እኔ ያልታመምኩትን አስታምሜ ያመመኝን ሸሸግኩ። ሐሙስ ስብሰባው ላይ ተነሥና ደክሞኛል በል። የትምህርት ዕድሉ ይቀር ይሆናል። ይቅር። የሚሉህን ይበሉህ። አባቴ ቢኖር ይህን ነበር የሚልህ፤ እኔ ግን አባቴን ጠቅሼልህ ሳበቃ ደረጃ አሳየሁህ። ይቅር በለኝ ልጄ።

ዲባ


ነገሌ፣ መጋቢት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ዓብዱሰላም ሰኞ ማታ አመጣልኝ። ጭነቱን ሳያራግፍ ቆሞ አስነበበኝ፣ ስጨርስ «ሰውየው ደህና ናቸው?» አለኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ተቆጥቼ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁለት ቀን ተቆጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ እርስዎ እግር ያዘንኩት ሐዘን፣ በጫንቃዬ የተሸከምኩዎት፣ ሁሉ መጣብኝ። ረቡዕ ማታ ላይ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። «እግርዎን ነው?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ደክሞዎት ነው?» ብዬ ለመጠየቅ ለምን አልመጣልኝም? እንዲያ ያለ ጥያቄ እርስዎን የመሰለ ሰው አይጠየቅም ብዬ ነዋ። ቁጣዬ በዚያው በረደ።

ለአስቻለች ያን ሌሊት ነገርኳት፣ ኳስ ቤቱንም ጣዲቻንም። «ኳስ ቤት ነው እንዴ!» ብላ አለቀሰች። ሴት የያዝኩ መስሏት ነበር ጋሼ! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚወጣ አሠልጣኝ ጫማው ሳይጨቀይ ሲመለስ እያየች ስንት ወር ሲያቃጥላት እንደነበር እሷ ናት የምታውቀው። ዕድሉ ሊቀር ነው ብላት «ይቅር፣ አንተን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ተነሣሁ። የተናገርኩት አጭር ነው። ተሞክሮ የለኝም፣ የተማሪዎቹ ነው፤ እኔ ደክሞኝ ኳስ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ልጅ ረስቼ አስወድቄያለሁ፤ ደክሞኛል አልኩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ በየትኛው አጀንዳ ሥር ይያዝ?» አለ። ከግለ ሂስ ሥር ይያዝ ተባለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልጽፍልዎትም፣ ይገምቱታል። አስተባባሪነቱ ተነሣልኝ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ የትምህርቱ ዕድል ቀረ። እግር ኳሱን የእርሻ መምህሩ፣ ሯጮቹን ሌላ ሰው ያዙ። የሴቶቹ መረብ ኳስ ብቻ ቀርቶልኛል፤ እሱም ልጆቹ አንለቅም ብለው ነው። አዋሳ ላይ ጽሑፉን በድሪያ ታቀርበዋለች፣ የእሷ ነውና። ስወጣ የሒሳብ መምህሩ ኮሪደር ላይ ጠብቆ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ጣዲቻ ዘንድ ሄድኩ። ዘግይቻለሁ። «ቲቸር፣ ስላስሮጡኝ አልተቀየምኩም፣» አለኝ፤ «መጥተው ስላልጠየቁኝ ነው።» ይህን ሲለኝ አለቀስኩ፣ እሱ ደግሞ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ።

ትናንት ፊሽካውን ነፋሁት። ቀጠነ እንጂ ድምፅ አወጣ።

አሁን ጋሼ፣ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉ። እኔ ተካኝ ብዬ ጮኼያለሁ። እርስዎ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነዎት። እትዬ ወለላ ዛሬ ጠዋትም ዳገቱን ወጥተዋል።

ልጅዎ ጉዮ


ወደራ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጉዮ ልጄ፣

ብዙ ቆየህ፣ ሞትክ ወይስ ተሾምክ ብለህ እንዳትጽፍልኝ ቀደምኩህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት፣ ወለላ ላሚቱ ዘንድ እያለች፣ ከዘራዬን ግድግዳ ላይ ተውኩና ጀሪካኑን አንሥቼ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ቀጥ ብዬ። የገበያ ቀን ነበር። ሰዉ መንገድ ለቆ ቆመ። አንዷ ቅቤ ሻጭ ቅሏን አስቀምጣ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ዕልልታ ከኋላዬ ተነሣ። «ጋሼ ዲባ ተፈወሱ!» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ፣ ወለላም እጇ ወተት እንደሆነ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልነግራት የወጣሁት ሰው እልልታውን ሰምቼ አፌ ተያዘ። ምን ዓይነት ፈሪ እንደሆንኩ ተመልከት፤ አንተን ተሞክሮ አሉህ፣ እኔን ተአምር አሉኝ፣ ደግሞ ለአንድ ቀን ተአምሩ ጣፈጠኝ።

በማግሥቱ አፀደ ቤት ተሰበሰብን። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሰው በዝቶ ነበር። «ይመስክሩ» ተባልኩ። የአንተ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተነሥቼ «አልተፈወስኩም፣ አልታመምኩም ነበር» አልኩ፤ ከዚያም ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወለላን ሳላይ፣ መሬት መሬት እያየሁ። አፀደ «ታዲያ የዘጠኝ ዓመቱ ጸሎታችን የት ሄደ?» አለች። እኔም «ነገሌ አንድ ልጅ አለኝ፤ እሱ ጋ ሄዷል መሰለኝ» አልኩ።

ወለላ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። ስታኮርፍ ታውቃታለህ፣ ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ዝም አለች። ዝምታዋ ከጩኸቷ ባሰብኝ። ምግቤን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። መሱዳ መጥታ ከእሷ ጋር ጓዳ ተቀምጠው ብዙ አወሩ፣ ምን እንዳወሩ እስካሁን አልተነገረኝም። መሱዳ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ከእንግዲህ ቅቤውን ለወጥ አድርጉት» አለችኝ።

በአራተኛው ጠዋት ስነሣ ሁለቱ ጀሪካኖች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ወለላ የለችም። ገባኝ። አንሥቼ ወረድኩ።

አሁን የምነግርህ ነገር ያስቅሃል። ዘጠኝ ዓመት ሳነክስ ኖሬ እግሬ እውነትም መንምኗል። ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረድ ሌላ ነው። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይዤ ዳገቱ መሐል ስደርስ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ። አስቀመጥኳቸው። ሰው ሽቅብና ቁልቁል ያልፋል። አንዱ ልጅ ሮጦ መጥቶ «እግርዎን ነው አባባ?» አለኝ። አዎ ልል ምን ቀረኝ! ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይ፣ እግሬ ደህና ነው» አልኩት። «ደክሞኛል።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ቆሞ ኖሯል። ለካ ወለላ ከቤት ጀምራ ስትከተለኝ ነበር። ዞር ስል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፣ አፏ ግን ተቆጥቷል።

«ይህችን ቃል ለማውጣት ነው ዘጠኝ ዓመት?» አለችኝ።

አንዱን ጀሪካን አንሥታ አዘለችውና ፊት ፊቴ ወጣች። እኔም አንዱን ይዤ ተከተልኳት። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን።

ሰኔ ላይ ከዓብዱሰላም ጋር ነገሌ እንመጣለን፣ ወለላም ትመጣለች። በድሪያን ፊሽካውን አንድ ቀን ለእኔ አቆዪልኝ በላት። አስቻለችን ሰላም በላት።

ዲባ